አሥራ ሁለተኛው ብልት

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ጥር 28 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አማቴ ለወይዘሮ እንግዳወርቅ፣

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? እኛ ባለንበት ብርዱ ቢበረታም፣ ልጅዎ ተድላም፣ ሴናም፣ እኔም በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ሴና ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ፎቶዋን በተድላ ስልክ ለወንድሙ ለኢዮሲያስ ልከናል፤ ያሳይዎት።

ተድላ በየእሑዱ እንደሚደውልልዎት አውቃለሁ። እኔ ግን ግራ ጆሮዎ ስልክ እንደማይወድ ስለማውቅ፣ የምጠይቅዎ ነገርም በጩኸት የሚጠየቅ ስላልሆነ በወረቀት መጣሁ።

እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ለፋሲካ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቤት ማዕድ ይዞ ይመጣል። አምና የወልቂጤዎቹ ክትፎ በቆጮ፣ የአዲግራቶቹ ጥሕሎ፣ ሮዳስ የምትባል የደብረ ማርቆስ ሴት ደግሞ ዶሮ ወጥ አመጡ። እኔ የእናቴን የጤፍ ቂጣ፣ ጩምቦ ልሠራ ብዬ በዚህ አገር ቅቤ አበላሸሁት፤ ሰው ሁሉ ኬክ መስሎት በሹካ በላው። ዘንድሮ የእርስዎን ዶሮ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ቢያደርጉልኝ፦ በእርስዎ ቤት ዶሮ ሲበለት አሥራ ሁለቱን ብልቶች በየስማቸው፣ የትኛው ለማን እንደሚወጣም ጭምር ይጻፉልኝ። አንድም ሳይቀር።

አክባሪዎ፣
ጃለኔ ኦሊቃ


ሀገረ ሕይወት
የካቲት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.
ቁጥር 1

ለልጄ ሚስት ለወይዘሮ ጃለኔ፣

የቀኝ ጉልበቴ ካልሆነ በቀር ሰውነቴ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ደብዳቤሽ በሃያ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ስለሆንኩ መልስ ያልተሰጠው ደብዳቤ ያሳክከኛል። ስለዚህ ዛሬውኑ ጻፍሁ፤ ቁጥርም ሰጠሁት። አድራሻውን አይተሽ አትሳቂ፤ ለእኔ አምቦ እስክሞት ሀገረ ሕይወት ናት።

ዶሮዋን በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ እጠቢ። የእናንተ አገር ዶሮ ስብ ነው አሉ፤ ቆዳውን ግፈፊው። ሽንኩርቱን ዘይት ሳታስነኪ አቁላይ፤ አትቸኩዪ። የሚቸኩል ሰው ዶሮ ወጥ አይሥራ፣ ሽሮ ይሥራ።

ብልቱ በእኛ ቤት እንዲህ ነው። ሁለቱ ታፋ የወንድ ልጆቼ፣ የተድላና የኢዮሲያስ። ሁለቱ ቅልጥም እግር የጣለው ጎረቤት ቢመጣ ብዬ የማቆየው። ሁለቱ መላላጫ ተጠርቶ ለመጣ እንግዳ። ሁለቱ ክንፍ የእህቴ የፍቅርተና የልጅዋ። አንገቱ የዘበኛው፤ እሱ ራሱ ነው የሚወደው። ጀርባው ለክርስትና ልጄ ቤት በሳህን የሚላከው። መቋደሻው የእኔ። ይኸው ነው።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሳችሁ። ሴናን ሳሚልኝ።

እንግዳወርቅ


ጎተንበርግ
መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አማቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ ደብዳቤዬ ግን እንደ ወትሮው አይደለም።

ቆጠርሁት። አሥራ አንድ ነው። በጣቴ ቆጠርሁ፤ ተድላም ቆጠረ። የሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድ ብልት አይጠፋባትም።

ለመጠየቅ ብቻ እንዳልጻፍሁልዎ አሁን ልንገርዎት። ገና ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ከሮዳስ ጋር ወጥ እያወጣን ነበር። ሮዳስ «ፈረሰኛውን ለቄሱ አድርጊው» አለችኝ። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ።  እኛ ቤት ዶሮ ሥጋ ብቻ ነው፣ ብልቱ ስም የለውም፤ የደረቱ ብልት ፈረሰኛ እንደሚባል በሃያ ስምንት ዓመቴ ከአገሬ ወጥቼ ሰማሁ። አባቴም አያውቅም። በአገራችን በሸነን ፈረሰኛ ቢባል ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።

በ2006 ፋሲካ፣ ከሠርጋችን በኋላ በመጀመሪያው፣ አባቴ በእርስዎ ጥሪ ሁለት ቀን በፈረሱ በዳማ ተጉዞ መጣ። መኪና ነበር። አማት ቤት በመኪና አይኬድም ብሎ ነው። ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሮ፣ እናቴ ወርቂቱ የሠራችውን ጩምቦ በገበቴ ይዞ ገባ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ከጓዳ የእርስዎ ድምፅ መጣ፦ «ፈረሰኛውን መልሺው!»

አባቴ ገበቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውኃ እንኳ አልቀመሰም። በሩ ድረስ ተከትዬው «አባ፣ የት ትሄዳለህ?» ስለው «ሲመልሱኝ አልሰማሽም?» አለኝ። አራት ዓመት እኔም እሱ እንደሰማው ሰምቼ ጠላሁዎት።

አሁን ነገሩ የዶሮ ሥጋ መሆኑን በወንድሜ በኤቢሳ ስልክ አስነገርሁት። የመለሰኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «አስተርጓሚ አልፈልግም። የመለሰችኝ በአፏ ትጥራኝ።» ያን ቀን በሩ ላይ ያ ቤት እስኪጠራኝ ከዚያ ቤት የሚወለድ ልጅ አልባርክም ብሎ ምሏል። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል። የሚጠፋው «የወለዱት» እኔ ነኝ። ሴናን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ያች የዚያ ቤት ልጅ» ነው የሚላት። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሳይባርካት እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ያን ቀን ያሉት ዶሮውን ነበር? ከሆነስ አሁን ለምን ከዝርዝሩ አወጡት?

ደግሞም ለዘበኛው አንገቱን ጽፈዋል። የእኔ ድርሻ የትኛው እንደሆነ አላየሁም።

ጃለኔ


ሀገረ ሕይወት
ሚያዝያ 15 ቀን 2010 ዓ.ም.
ቁጥር 2

ለወይዘሮ ጃለኔ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

እኔ ስለ ሽንኩርት ስመክርሽ አንቺ ወጥመድ ትዘረጊያለሽ? ጥሩ ነው፤ ብልህ ልጅ ነሽ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል።

አዎ፣ ዶሮውን ነው። ፈረሰኛ የአባወራ ነው። ለባሌ ለአቶ ሀብተሥላሴ ሠላሳ ስምንት ፋሲካ ፈረሰኛውን ያወጣሁለት በእነዚህ እጆቼ ነው። ፍቅርተ ያን ቀን ሳትጠይቀኝ በአባትሽ ሳህን ላይ አደረገችው፤ መልሺው አልኳት። በገዛ ጓዳዬ፣ ለገዛ እህቴ። ለእንግዳ መላላጫ አለው ብዬሻለሁ። ሰው በሰው ጆሮ አይከሰስም።

ከዝርዝሩ ያወጣሁት ባለቤቱ ስለሞተ ነው። ለማን ብዬ ልጻፈው?

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሀብተሥላሴ ጥቅምት 2008 ሲያርፍ ከባኮ፣ ከጌዶ፣ ከጉደር ሰው መጣ። ተጣልቶን የነበረው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እንኳ መጣ። የልጄ አማት፣ የልጅ ልጄ አያት፣ ኦቦ ኦሊቃ የት ነበር? በሰባቱም አልመጣም፣ በአርባውም አልመጣም። ሀብተሥላሴ ሲሞት «ያ ሰው ማዕዴን ረገጠ» እያለ ነው የሞተው። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለፋሲካ ካልጠራችሁኝ ብሎ የሚኮራው በየትኛው ሕግ ነው?

ለልጄ ሰላምታዬን ንገሪው። ወደ ስልኩ እንደማልመጣም ንገሪው።

እንግዳወርቅ


ጎተንበርግ
ግንቦት 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወይዘሮ እንግዳወርቅ፣

መጥቶ ነበር።

ኤቢሳ አብሮት ስለነበረ እሱን ይጠይቁት። የአቶ ሀብተሥላሴን ሞት በሦስተኛው ሰዓት ሰምቶ ዳማን ጫነ። ሌሊቱን ሳያርፍ ጋልቦ ግብዓተ መሬቱ ላይ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ከፈረሱ ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቆሞ አፈሩ እስኪያልቅ ጠበቀ። ኤቢሳ እንግባ ቢለው «የተመለሰ ሰው ሳይጠራ አይገባም» አለው። ከዚያም ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ከከተማ ወጣ። ቅጥሩ ውስጥ መሬት አልነካም እንጂ አቶ ሀብተሥላሴን ቀብሯል።

ስለ ጆሮ ጽፈውልኛል። ልክ ነዎት፤ በተሳሳተ ጆሮ ማንም አይከሰስም። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ዐይን ነው።

የጓዳችሁ መስኮት በሩን ያያል። ያን ቀን አባቴ ዳማን ሲፈታ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ተዘጋ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ማን ነው? የነበረውስ ሰው አባቴ ምን ሰምቶ እንደሚሄድ አውቆ ነበር?

ይህንን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሌላ አልጠይቅዎም።

ጃለኔ


ሀገረ ሕይወት
ነሐሴ 9 ቀን 2010 ዓ.ም.
ቁጥር 3

ለወይዘሮ ጃለኔ፣

ወደዚያ በምትመለስ የሰፈር ልጅ እጅ የሚከተለውን ልኬያለሁ፦ በርበሬ ሁለት ኪሎ፣ የተነጠረ ቅቤ በማሰሮ ሳይሆን በጀሪካን፣ ኮሰረት አንድ እሽግ፣ ለሴና የሹራብ ቆብ። ስትቀበዪ ቁጠሪ።

ክረምቱ ከብዷል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ፖስታም እንደ እኛ ያነክሳል።

መጋረጃውን ጠይቀሽኝ ነበር። መጋረጃው ታጥቧል።

እንግዳወርቅ


ጎተንበርግ
ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወይዘሮ እንግዳወርቅ፣

በርበሬውም፣ ቅቤውም፣ ኮሰረቱም፣ ቆቡም ደርሶኛል። ቆጥሬያለሁ። መልሱ አልደረሰኝም።

አባቴ ታሟል። ልቡ ደክሟል፣ ውኃ ይቋጥራል ነው የሚሉት። በጥቅምት ወር ለዘጠኝ ቀን አምቦ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አልጋው ከእርስዎ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነበር። ማንም አልነገረዎትም፤ እንዳይነግሩዎት ያለው እሱ ነው። «ብትመጣ አዝናልኝ ትመጣለች፤ ለሐዘኔታ አልጠራኋትም» አለ። አሁን ሸነን ገብቷል። ሐኪሙ ቁርጡን አልተናገረም፤ ኤቢሳ ግን ድምፁ ሌላ ሆኖብኛል።

እዚህ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ መሆኑን ያውቃሉ። በቀን የስድስት ሰው አባት አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ። አንዱ ሽማግሌ ትናንት ፀጉሬን ነክቶ በቋንቋው መረቀኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። የእኔ አባት ልጄን በስሟ አልጠራትም፤ ምክንያቱ የዶሮ ደረት ነው።

ተናድጄ እንደጻፍሁ ይታወቀኛል። አልሰርዘውም።

ጃለኔ


ሀገረ ሕይወት
ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጃለኔ፣

ይህኛው ቁጥር የለውም፤ ወደ መዝገብ የሚገባ አይደለም።

ከመጋረጃው ኋላ እኔ ነበርሁ።

ፍቅርተ ከእኔ ቀድማ ገባት። «እትዬ፣ ሰውዬው ቃሉን በራሱ ወስዶት ነው፤ ለእህቴ ነው ያልሁት ብለሽ ሮጠሽ ንገሪው» አለችኝ። ሰማሁ። ያን ጊዜ ጆሮዬ ሁለቱም ደህና ነበር። ወደ መስኮቱ ሄጄ ገለጥሁት። አባትሽ ፈረሱን ሲፈታ አየሁ። አንቺን አየሁ። በእጄ ላይ ያለው ጊዜ የአንድ ጩኸት ያህል ነበር። «ኦቦ ኦሊቃ፣ ዶሮውን ነው!» ብል ይበቃ ነበር። ያልሁት ግን «ይሂድ» ነው። መጋረጃውንም ዘጋሁት።

ለምን ብትዪኝ፣ ጋብቻውን አልወደድሁትም ነበር። ለተድላ ከዚያው ከእኛው ወገን አንዲት የአስተማሪ ልጅ አይቼለት ነበር። የሠርጉ ዕለት አባትሽ በሃያ ፈረስ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ የእኔ ድግስ በጓሮ ቀረ። ቀናሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ከተማ ኦሮምኛ ስገዛበት፣ ስሸጥበት፣ ስስቅበት ኖሬ፣ የቋንቋው ባለቤት የልጄ አማት ሲሆን ግን ኮራሁበት። በኋላ ሀብተሥላሴ «ምን ሆኖ ሄደ?» ሲለኝ «ማዕዳችንን ንቆ» አልሁት። ይህንን ይዞ ሞተ። የባሌን ልብ ያቆሰልሁት እኔ ነኝ እንጂ አባትሽ አይደለም። እሱ ከቅጥር ውጭ ቆሞ የቀበረውን ሰው እኔ በውሸት ነው የቀበርሁት።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ የእናንተን ቤት በላ።

አንድ ሌላም አለ። ጩምቦውን ማንም አልነካውም ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ። እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን በላሁት። ቅቤው መሐል ድረስ ገብቶ ነበር። ጣፈጠኝ፤ ስለ ጣፈጠኝም ይበልጥ ተናደድሁ። ገበቴውን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ አኖርሁት። አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም፤ ምን ሞልቼ እንደምመልሰው ጠፍቶኝ ነው።

አሁን ታውቂያለሽ። ብትጠዪኝ እውነትሽን ነው።

እንግዳወርቅ


ጎተንበርግ
የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ እንግዳወርቅ፣

ሁለት ሳምንት መልስ ለመጻፍ ሞክሬ እየቀደድሁ ጣልሁ። ተድላ አነበበውና ከቤት ወጥቶ ሲመሽ ተመለሰ። ስለ አባቱ ነው የከፋው፤ ይተዉት፣ ይበርድለታል። እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ ብል ዛሬ ውሸት ይሆናል። ግን ደብዳቤዎ የደረሰው ለተሳሳተ ሰው ነው። ለእኔ የነገሩኝን ለእሱ ይንገሩት።

ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘሁ ዘንድሮ መምጣት አልችልም። እርስዎ ለፋሲካ ሸነን ይሂዱ። ሳይነግሩት ይሂዱ፤ ከነገሩት እምቢ ይላል። ለኤቢሳ ብቻ ነግሬዋለሁ።

የእኛ ቤት ፋሲካ እንደ እናንተ አይደለም። የቅርጫው ሥጋ አለ፤ ዋናው ግን ጩምቦው ነው። ከጤፍ የተጋገረ ወፍራም ቂጣ፣ ትኩሱን በቅቤና በእርጎ የራሰ። አባቴ ይባርክና ይቆርሰዋል፤ ከእሱ በፊት ማንም እጁን አይሰድም። ለሚወደው ሰው ከመሐል፣ ቅቤው ከተኛበት ይቆርሳል። ለማይወደው ከዳር። ምንም ቢሰጥዎ በሁለት እጅዎ ይቀበሉ። ምንም ካልሰጠዎት ዝም ብለው ይቀመጡ።

ይፍጠኑ። ፋሲካ ይደርሳል ወይ እያልሁ ነው የምቆጥረው።

ጃለኔ


ሸነን፣ ከኦቦ ኦሊቃ ቤት
ሚያዝያ 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለጃለኔ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል፤ ደስ ይበልሽ። አባትሽ ዛሬም አለ። መጀመሪያ ይህንን እንድታነቢ ነው።

በስልክ የሰማሽውን አልደግመውም። ያልሰማሽውን እጽፍልሻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶሮዋን እኔው በለትሁ፤ ፍቅርተን አላስነካኋትም። ፋሲካ ጠዋት ኢዮሲያስ የባኮ መስመሩን ትቶ በሚኒባሱ ይዞኝ ወጣ። ድስቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር፤ ገበቴው ከጎኔ። ድፎ ዳቦ ሞላሁበት። ሌላ ነገር አልታየኝም። ከጉደር ወዲያ ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ነበር። ሸነን ስንደርስ እስከ ቤታችሁ ድረስ ያለው ጭቃ መኪና አያስገባም። ኤቢሳ በፈረስ ጠበቀን። ዳማ ነው፤ አርጅቷል። «በዚህ ጉልበትዎ በጭቃው መሄድ አይችሉም» አለኝ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ ሁለት ወንድ ተሸክሞ ፈረስ ላይ አወጣኝ። ድስቱን ኢዮሲያስ ያዘ።

አባትሽ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል። እኔ በፈረሱ ላይ ሆኜ በአጥሩ ስገባ አየኝ።  «ፈረሰኛዋን መልሷት» ቢል ፍርድ ነበር፤ ፈረሱ ደግሞ የእሱ ነው። ወርቂቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማንም ማንንም አላወረደም። ፈረሱ እንኳ ሰለቸው። ከዚያ አባትሽ አንድ ቃል ተናገረ። «ታኢ» አለ። ተቀመጪ ማለት ነው፤ ለአንቺ አልተረጉምልሽም፣ ለራሴ እያልሁት ነው።

ኢዮሲያስ ከፈረሱ አወረደኝ፤ ሳልቀመጥ ተናገርሁ። በኦሮምኛ ተናገርሁ፤ በአማርኛ ያበላሸሁትን በአማርኛ ማረም ፈራሁ። ለአንቺ የጻፍሁትን አንድም ሳላስቀር፣ መጋረጃውን፣ «ይሂድ» ያልሁትን፣ ለባሌ የዋሸሁትን፣ ጩምቦውን ብቻዬን መብላቴን ነገርሁት። ልጄና ልጆቹ እየሰሙ። ጨርሼ «ኦቦ ኦሊቃ፣ አምስት ዓመት ዘግይቼ ልጠራህ መጣሁ» አልሁት።  ጩምቦው ብቻ ሲነገር ወደ ወርቂቱ ዞር ብሎ አያት። እሷ ራሷን አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀች ነው መሰለኝ።

ማዕድ ቀረበ። አባትሽ ጩምቦውን ባርኮ ቆረሰ። ለልጆቹ ሰጠ፤ ለኢዮሲያስ ሰጠ። ለእኔ አልሰጠኝም። አንቺ እንዳልሽኝ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ «ይዘሽ የመጣሽው የት አለ?» አለኝ። ድስቱን ከፍቼ ፈረሰኛውን አውጥቼ በእንጀራ ላይ፣ በፊቱ አደረግሁት። ወጡ ጋቢው ላይ ተንጠባጠበ። አጎንብሶ ብልቱን ትኩር ብሎ አየው።

«ይቺ ናት?» አለ።

«እሷ ናት።»

«ትንሽ ናት።»

ከዚያ ሳህኑን በእጁ መዳፍ ወደ እኔ ገፋው። ቀና ብሎ አየኝና፣ በኦሮምኛ አይደለም፣ ጥርት ባለ አማርኛ «ፈረሰኛውን መልሺው» አለኝ።

ጃለኔ፣ ያን ጊዜ ያለቀልኝ መሰለኝ። የሚገባኝ ነው ብዬ ልነሳ ጉልበቴን ያዝሁ። «ቁጭ በይ» አለኝ። «የእኔ አይደለም፤ የሀብተሥላሴ ነው። ያን ቀንም የእሱ ነበር። ልክ ነበርሽ። እሱ ቢኖር እኔው ከእጄ እሰጠው ነበር። አሁን ለነፍሱ ለደጁ ሰው ይውጣለት። እኔ ቀብሩን ከውጭ ነው ያየሁት፤ ይቺ እንኳ ከውስጥ ትሁንልኝ።» ኤቢሳ ሳህኑን ይዞ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰዎች ሊሰጥ ወጣ። እኔ አለቀስሁ። ሀብተሥላሴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። አባትሽ አልከለከለኝም፤ እሱም አብሮኝ ተቀመጠ። የባሌን ለቅሶ በሦስት ዓመት ከመንፈቁ፣ በፋሲካ ቀን፣ ሁለታችን ተቀመጥንለት።

ሲበቃኝ ከጩምቦው ቆረሰ። ከመሐል። በሁለት እጄ ተቀበልሁ። እሱም መላላጫውን በላ፤ በርበሬው በዛ ብሎ ተቆጣ፤ ደገመ።

ስልኩን የደወልነው ከዚያ በኋላ ነው። «ሴና፣ ሆሪ ቡሊ» ብሎ ሲመርቃት ሰምተሻል፤ ልጅቷም በባዕድ ቋንቋ ምን እንዳለች እንጃ ስትንጫጫ ሰምተናል። ያልሰማሽው ይህ ነው፦ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ፀሐይዋ ከደጁ እስክትሄድ «ሴና፣ ሴና» እያለ ለራሱ ሲለማመዳት ነበር። አንድ ጊዜ ስሟን ለዳማም ነገረው።

አልዋሽሽም፤ አባትሽ ደክሟል። ሌሊት ትንፋሹ ያጥረዋል። ኤቢሳ ድምፁ ለምን እንደተለወጠብሽ ገብቶኛል። ፈቃድሽን ከአለቆችሽ ለምነሽም ቢሆን ቶሎ አውጪ።

ነገ ወደ አምቦ እመለሳለሁ። ወርቂቱ ገበቴውን ሞልታ ሰጠችኝ፤ ባዶውን ውሰጂው ብላ አትሰጠኝም አይደል? ስለዚህ እኔም ሞልቼ ልመልሰው ለጰራቅሊጦስ እመጣለሁ ብያለሁ። አባትሽ «በመኪና እንዳትመጪ» ብሎኛል።

ድርሻሽ የትኛው እንደሆነ ጠይቀሽኝ አንድ ዓመት አለፈ። በመዝገብ ቤት ሕግ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ለአንቺ ብልት አልመደብሁም ነበር፤ እውነቱ ይህ ነው። መቋደሻው የእኔ ነው ብዬሽ ነበር። መቋደሻ የተባለው ብቻ ስለማይበላ ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን በላሁት። ትናንት ከድስቱ አላወጣሁትም። ወርቂቱ በቅቤ አሽታ አስቀምጣዋለች። ይበላሽ አይበላሽ አላውቅም፤ ቢበላሽ ሌላ ዶሮ አለ። ስትመጪ ግማሹ ያንቺ ነው።

እናትሽ፣
እንግዳወርቅ